የጋሽ እንድርያስ ሦስተኛ ቅጂ

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾመው የሰውን ሁሉ ወረቀት እየተጨነቀ የሚኖር አንድ ሰው አለ። ጥያቄው አንድ ብቻ ናት፤ «ሁለተኛው የት ነው?» እናንተም ታውቁታላችሁ። ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ደረጃ ላይ አግኝቶ አቁሟችኋል።

የእኛው፣ የልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ክቡር የቅጂዎች ጠባቂ ጋሽ እንድርያስ ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተር ተማሩና ባሰባቸው። የቤታቸው ቁልፍ አራት ነው። አንዱ ኪሳቸው፣ አንዱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለችው እህታቸው ዘንድ፣ አንዱ እታች ነጅማ ሱቅ ውስጥ። አራተኛው የት እንዳለ ለማንም አይናገሩም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ እንዳለች የወለደች ጊዜ ልንጠይቃት ሄድን። ጋሽ እንድርያስ ሕፃኑን አዩ፣ መረቁ፣ ከዚያም «ሁለተኛው የት ነው?» አሉ። ወይዘሮ እንዳለች መንታ ጠብቀው የቀረባቸው መስሏት ፊቷ ተለወጠ። እሳቸው የጠየቁት የልደት ወረቀቱን ኮፒ ኖሯል። በማግስቱ ሦስት አስነስተው አመጡላት።

አብነት ሰፈር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤትም አብሬያቸው ተሰልፌያለሁ። ኮፒውን ተቀብለው ዞር አይሉም፤ እዚያው ቆመው ከራስጌው እስከ ማኅተሙ ያነቡታል። ከኋላችን የቆመች ሴት «አባቴ፣ ፈተና ደርሶብዎት ነው?» አለቻቸው።

«ያልተነበበ ቅጂ ቅጂ አይደለም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስለ ራሴ መናገር አይሆንልኝም፤ ግን ያለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም። እጽፋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ጸሐፊ ነኝ ማለቱ ስለሚያሳፍረኝ ለማንም አሳይቼ አላውቅም። የዘጠኝ ዓመት ሥራዬ፣ ሠላሳ ስምንት ታሪክ፣ ላፕቶፔ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ነበር። የፎልደሩን ስም «የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ» አልኩት። ይህን ስም አይቶ የሚከፍት ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ እንድርያስ መሰላል ሊዋሱ ገቡና ስክሪኑን አዩ።

«ቃለ ጉባኤ! ሁለተኛው የት ነው?»

«የለም፣ ጋሼ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ላፕቶፑ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥር።»

«አሥር! እና እንቅልፍ ይወስድሃል?»

መሰላሉ ተረሳ። ዴስክቶፔ ላይ ያለው ሁሉ በኢንተርኔት ወደ ክላውድ እንዲሄድ አደረጉት፤ ስልኬም ላይ እንዲታየኝ ጫኑልኝ። እኔ ደግሞ ነገሩ ገረመኝ።

«አሁን የት ነው የሚሄደው?»

«ሩቅ አገር ያለ ትልቅ መዝገብ ቤት ነው በለው።»

«መዝገብ ቤት ከሆነ ሠራተኛ አለዋ። ያነባል?»

«ማን ያነባል? ማሽን እኮ ነው፣ ሀብቴ!»

ፎልደሩ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ዞራ ዞራ አረንጓዴ እስክትሆን ሁለታችንም አፍጥጠን አየናት። እኔ ከአገር ወጥቼ አላውቅም፤ ጽሑፌ ግን ወጣ። ምን አገር ይሆን? ዝናብ አለ? እያልኩ ሳስብ ጋሽ እንድርያስ ከኪሳቸው ፍላሽ አውጥተው ሰኩ።

«ሦስተኛው እኔ ጋ ይቀመጣል።»

እምቢ የሚል አፍ የለኝም። ሳምንት ሙሉ ተለማምጄ፣ ደረጃ ላይ ሳገኛቸው «ጋሼ፣ ያ ፍላሽ ላይ ያለውን ቢያጠፉልኝ» አልኩ። «እሺ» ብለው አለፉ። ተገላገልኩ።

ከዚያ ስልኬ ያስጨንቀኝ ጀመር። ታክሲ ውስጥ ሌባ ቢወስደውስ? ሌባው ቁጭ ብሎ ታሪኬን ሲያነብ፣ ለጓደኛው ሲያነብለት፣ ሁለቱም ሲስቁ ታየኝ። ፎልደሩን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። ሌባ መጣያ ውስጥም ይፈልጋል ብዬ መጣያውን ባዶ አደረግሁ። ላፕቶፑ ላይ አለልኝ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስከፍት እዚያም የለም። ሁለት የመሰለኝ ለካ አንድ ኖሯል፤ ከአንዱ ሲጠፋ ከሁሉም ይጠፋል።

ዘጠኝ ዓመት። ሦስተኛ ፎቅ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ጠፋ። ሁሉም።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱም።»

አልተቆጡም። መሳቢያ ከፍተው ፍላሹን መዳፌ ላይ አኖሩት።

«አጥፉልኝ ስልዎት እሺ አላሉኝም?»

«እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱ እየመጣ አጥፋልኝ ሲለኝ ኖሯል!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ… ከፈቱት እንዴ?»

«ያልተነበበ ቅጂ ቅጂ አይደለም።»

«ሁሉንም?»

«የመጀመሪያው ላይ ቃለ ጉባኤ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ማረጋገጥ ግን ግዴታ ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። «ሁለቱን ደግሜ አረጋግጫለሁ። ያቺ ወንበሯን ለሰው የማታውሰው ሴትዮ፣ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«አልጨረስኩትም።»

«እኮ ምን ትጠብቃለህ? ጨርሰዋ!»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ አስተያየት ይህ ነው።

«ሃያ ሰባተኛው ግን ስህተት አለበት» አሉ።

ሃያ ሰባተኛው ስለ እሳቸው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የቤቴ ቁልፍ ሦስት ነው ብለሃል። አራት ነው። አስተካክል።»

«አራተኛው የት ነው?» አልኳቸው፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ እኔ ጠያቂ ሆንኩ።

«አንተ ቤት። ሦስት ዓመቱ። ብታገኘውም ለሰው ማሳየት የማትወድ ሰው መሆንህን አውቃለሁ።»

ቦታውን ነገሩኝ። ወርጄ አየሁ፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ይህ ሠላሳ ዘጠነኛው ነው። አንዱ ላፕቶፔ ላይ፣ አንዱ ሩቅ አገር፣ አንዱ በፍላሹ ላይ ይሆናል። ጋሼ፣ ሲያረጋግጡ እዚህ ጋ ሲደርሱ፦ ቁልፉን አራት ብዬዋለሁ። ያለበትን ቦታ ግን አልጻፍኩም።