ስፖኪዮና ሽማግሌዎቹ

ሰፈራችን ኦሎምፒያ ጀርባ ሳለ፣ ማለቴ ፎቅ ሳይበላው በፊት፣ ስም ማውጣት ይችልበት ነበር። እናት አባትህ ያወጡልህን ስም የሚያውቀው ቀበሌ ብቻ ነው። አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ከወደቅክ ዕድሜ ልክህን «ቦዩ» ነህ፤ ሚኒስትር ብትሆን እንኳ ማንም አይምርህም። ያኔ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ የጎረቤቴን ስም እንኳ ሳላውቅ ስኖር፣ ያ ሁሉ ቅጽል ስም ውል ይለኛል።

ጋሽ ተፈራ «ስፖኪዮ» ይባል ነበር። ለምን አትሉኝም? በወጣትነቱ ቦሌ መንገድ ዳር ከቆመ መኪና ላይ ስፖኪዮ ነቅሎ ተያዘ። ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። ከዚያ ጎሚስታ ሆኖ ጎማ ሲለጥፍና ሲነፋ ፀጉሩ ሸበተ። ፖሊሶች ግን በአካባቢው ስፖኪዮ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእሱን በር ነው። ሌባውን መፈለግ አድካሚ ነው፤ የጋሽ ተፈራ ቤት ግን ይታወቃላ! ባለቤቱ እትዬ ዘነበች፣ ጣቢያ ሲያድር እንዳይበርደው ብላ ጋቢውን በር አጠገብ ሰቅላ ታስቀምጥለት ነበር።

አንድ እሁድ ለልጁ ለህይወት ሽማግሌ ሊመጣ ሆነ። ጋሽ ተፈራ ኮቱን ለብሶ፣ እኔም የሴት ወገን ሽማግሌ ተብዬ ከጎኑ ተሰይሜ ስንጠብቅ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ፖሊሶች!

«ስፖኪዮ፣ ትናንት መኪና ተነክቷል። ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ።»

«ልጆቼ፣ ነገ ልምጣ። ዛሬ ሽማግሌ አለብኝ» ቢል ማን ሰምቶት። ይዘውት ሄዱ። ህይወት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እንዴት አታልቅስ? አባትየው ጣቢያ ነው ከተባለ የትኛው ሽማግሌ ይጠብቃል?

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲመጡ ምን ልበላቸው? እውነቱን ተናገርኩ። ትልቅየው ከዘራቸውን አነሱና፣ «የተላክነው ወደ አባቷ ነው። አባቷ ያለበት እንሄዳለን» አሉ። ተያይዘን ጣቢያ ገባን። መቼም ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ጣቢያው ደግሞ ትርፍ ወንበር ስላልነበረው ወጉ አልተጣሰም።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉት ትልቅየው። መዝገብ ይዞ የተቀመጠው ተረኛ ሃምሳ አለቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጋሽ ተፈራ ኮቱን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው?

«ልጁ ታስሮ ያውቃል?»

ወይ ጉድ! ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፤ ተያዩ።

«መዋሸት አይሆንልንም» አሉ ትልቅየው። «በአፍላነቱ ተደባድቦ ታስሯል።»

ጋሽ ተፈራ ግንባሩን ቋጠረ። አባት ነዋ! በሴት ልጁ ላይ የሚነሳ እጅ ታየው መሰለኝ። የእኔም ሳቅ ያኔ ጠፋ።

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ ድምፁን እንኳ ከፍ አድርጎ አያውቅም።»

«ቅጣቱን ጨርሶ ነው የወጣው?»

«ጨርሶ።»

«ከጨረሰማ ጨርሷል» አለ ጋሽ ተፈራ። የሚያየው ግን ሽማግሌዎቹን ሳይሆን ሃምሳ አለቃውን ነበር። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ተነስቶ እጁን ዘረጋ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሽ ተፈራ» አለ። በስሙ ሲጠራው፣ ያውም አንቱ ብሎ፣ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ለዛሬ ይሂዱ» አለ ቀጥሎ፣ «ለጥያቄዋ ግን ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጣቢያ ሊሄድ ሲነሳ፣ እትዬ ዘነበች ጋቢውን ከተሰቀለበት አወረደችለት።