በቀይ ብርሃን የተለካን ሰዎች አቤቱታ

ሰው የሚደብቀው ነውሩን ብቻ ይመስላችኋል? እኔ ግን ከሚያሳፍር ነገር ይልቅ የሚያስቅ ነገር የሚደብቅ ሰው ይበዛል ባይ ነኝ። ነውር ቢገለጥ ቢያንስ ንስሐ አለው። የሚያስቅ ነገር ቢገለጥ ምን አለው? እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጋዬ ሥር የደበቅሁት ካርቶን አለ። አረቄ የለበትም፤ የወንድ ደብዳቤ የለበትም (ቢኖርበት ምንኛ በኮራሁ!)። ያለው ዲቪዲ የሚጽፉ አሮጌ የኮምፒውተር ዕቃዎች፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሌንሶች፣ ሽቦና መበየጃ ነው። እንግዲህ ልናዘዝ፦ በትርፍ ጊዜዬ የሌዘር እስክሪብቶ እሠራለሁ።

እስክሪብቶ ተባለ እንጂ አይጽፍም። አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የሚጠቁምበት፣ ቀይ ነጥብ የሚተፋው ዓይነት ነው፤ የእኔው ብቻ ትንሽ ይበረታል። ፊዚክስ ተምሬ መዝገብ ቤት የተመደብሁ ሰው ነኝ። ስለ ብርሃን አራት ዓመት አጥንቼ፣ መሥሪያ ቤቴ ከብርሃን ጋር ያገናኘኝ የተቃጠለ አምፖል እንዲቀየር ማመልከቻ ባስገባሁ ቀን ብቻ ነው።

ለምን ትሠሪዋለሽ የሚል ካለ፣ መልሱን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ፉሪ ቤት ተከራይቼ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በሬን ያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነበር፤ እሱም ቆጣሪው ውጭ መሆኑን አንድ ቀን አስተዋለና ቀረ። ሌዘር ግን ቁልፉን ሲጫኑት ማዶ ያለው ግድግዳ ወዲያው ይመልሳል። ከሥራ ሲገባ «እንዴት ዋልሽ» የሚለው የሌለ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የመጨረሻዋን እስክሪብቶ ቀፎ ያስቆረጥሁት ሰበታ፣ አንድ ቶርኖ ቤት ነው። ባለሙያው ከወላይታ የመጣ ትሑት አማኝ ነበር። ቱቦዋን እያገላበጠ፣ እህቴ ይሄ ምን ይሆንልሻል ቢለኝ፣ አፍሬ ለኩል መያዣ ነው አልሁት። እሱም ባለቤትሽ ዓይንሽን ይወደዋል ማለት ነው፣ ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ ብሎ መረቀኝ። አሜን አልሁ። የሌለ ባል ሲመረቅስ ዝም ይባላል?

አሁን ወደ ጉዱ። አንድ የሐምሌ እሑድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደመናው ሰፈሩን አጨልሞት ሳለ ሌንሷን ላስተካክል ተነሣሁ። ለዚህ ርቀት ያስፈልጋል፤ የእኔ ክፍል ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት እርምጃ ናት። ማዶ ተዳፋቱ ላይ የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ደበላ ለልጃቸው ሠርግ የሚያደርሱት፣ ኖራ የተቀባ አዲስ ቤት አለ። የሰው ዓይን እንዳላገኝ ተጠንቅቄ ከጣሪያው ሥር አነጣጠርሁ። ነጥቧ አረፈች! ጨረሩ ቀጥ ማለቱን ለማየት ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው፣ ቀጥሎም ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኋት። በየማዕዘኑ ቆም እያልሁ ሌንሷን አዞርሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን የሚያደርግ ማነው? ቀያሽ ነው።

በእኛ ሰፈር ሰው እባብ ቢያይ ድንጋይ ያነሣል፤ ቀያሽ ቢያይ ግን ዕቃውን ይሸክፋል። ሜትር ከመጣ መንገድ ይመጣል፣ መንገድ ከመጣ ቀይ ቀለም፣ ከቀይ ቀለም በኋላ ዶዘር።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ በሬ ተንኳኳ። ኦቦ ደበላ ናቸው፤ ከኋላቸው ባለሱቋ እትዬ ዘነበች፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ሰፈሩ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሉኝ፣ ለኩን እኮ፤ በቀይ መብራት ለኩን፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ ይላሉ፣ አቤቱታ ጻፊልን። እትዬ ዘነበች ከሳተላይት ነው የለኩን ብላ ማለች። ቀጥላም ቤቴን በዓይኗ ዞረችና፣ እኛ ደግሞ ያ የሚቃጠል ነገር ሽታ ፀጉርሽን ስትተኩሺ ነበር የሚመስለን፣ ይሄን ያህል ተተኩሶ የማይተኛ ፀጉር አይተን አናውቅም አለች (የመበየጃዬን ጢስ ማለቷ ነው)። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ውስጥ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ኦቦ ደበላ ግን አልሳቁም። ሌሊቱን አልተኙም፤ ግንበኛውን አሰናብተዋል፤ ቆርቆሮውን አውርደው ሣር ሥር ደብቀዋል። የልጄን ሠርግ ምን ላድርገው ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ያኔ «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ በእውነት ከፈትሁ። ዞር ስል አሥራ አራት ሰው አልጋዬ ላይና መሬት ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ የማላውቀው ሕፃን ጉልበቴን ይዞ ቆሟል። ካርቶኑን ከሥራቸው ብስበው ምን ይሉኛል? ነገም ማን ያንኳኳል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ወረቀት አነሣሁ።

«ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ በቀይ ብርሃን መለካታችንን ይመለከታል» ብዬ ጀመርሁ። መዝገብ ቤት የከረመ ሰው ለደብዳቤ አያንስም፤ በገዛ እስክሪብቶዬ ላይ ሁለት ገጽ ክስ ጻፍሁባት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀመንበር ኦቦ ደበላ፣ ጸሐፊ እኔ። በየምሽቱ እኔ ቤት ስብሰባ ሆነ። እትዬ ዘነበች ቆሎ ይዛ ትመጣለች፤ ሊቀመንበሩ ለልጃቸው ሠርግ ከዘመድ ወገን እንደምቀመጥ ነገሩኝ። እትዬ ዘነበችም ሰው እንዲህ ሆነሽ የት ተደብቀሽ ነው ትለኛለች። አራት እርምጃ ክፍል ውስጥ ነዋ!

አቤቱታው መሬት አስተዳደር ቢሮ ገባ። ቢሮው ማንንም አልለካም። ግን አልለካንም ለማለት መዝገብ ማገላበጥ ይጠይቃል፤ መዝገብ ማገላበጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በሦስተኛው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት መልስ መጣ፦ ቅሬታው ተጣርቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ልኬቱ ለጊዜው እንዲቆም ተደርጓል። ያልጀመሩትን ልኬት አስቆሙልን!

እልልታው ለጉድ ነበር። ኦቦ ደበላ ቆርቆሮውን ከሣር ሥር አወጡ፤ ግንበኛው ተመለሰ። በዚያው እሑድ የመጨረሻውን ስብሰባ ጠርተው መረቁን፤ ትንሽ ትልቁን መረቁ። ከዚያም እንግዲህ ሥራችን አልቋል፣ ኮሚቴው ይፍረስ፣ ጸሐፊዋንም አናድክማት አሉ። ሰዉ ነጠላውን እያጣፋ ተነሣ። ሕፃኑ እንኳ ጫማውን ፈለገ።

በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው እጄን አወጣሁ። ይቅርታ ኦቦ፣ አልሁ፣ እርስዎ እንዳሉ ይሁን፤ ግን ደብዳቤው «ለጊዜው» ይላል፤ ተመልሰው ቢለኩንስ?

ኦቦ ደበላ ፊታቸው አመድ መሰለ። በሩ አጠገብ የደረሱት ሁሉ ተመለሱ፤ እትዬ ዘነበች ቆሎዋን መልሳ ፈታች። ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱና፣ የተማረ ይግደለኝ ብለው አልጋዬ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።