ዶክተር "ሌላስ?" እና አርባ አንደኛው መሳቢያ

የመጀመሪያ መልስ የማይበቃው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ዝናብ ጣለ ሲሉት፣ ፎቅ ላይ ልብስ የሚያሰጣ ሰው አለመኖሩን ሳያረጋግጥ ጥላ አይዘረጋም። በዚህ ክሊኒክ ማዕረጉን የያዙት የአእምሮ ሐኪሙ ናቸው። ስማቸው በራቸው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ግን ሁሉም የሚያውቃቸው "ዶክተር ሌላስ" በሚል ነው።

የካርድ ክፍሏ መዝገብ ያዥ ስማቸው ሲነሣ ወገቧን ያማታል። የሌላው ሐኪም ታካሚ ካርድ በሁለት ጣት ይነሣል፤ የእሳቸው ታካሚ ካርድ በሁለት እጅ። "ትኩረት የለኝም፣ እቁነጠነጣለሁ፤ ይሄ ኤዲኤችዲ የሚሉት ነገር ሳይሆን አይቀርም" ብሎ የመጣ ሁሉ በዚያው ቀን የሐኪም ማረጋገጫ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ክቡርነታቸው ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና፣ "ሊሆን ይችላል። ሌላስ?" ይላሉ። ደም ይመርመር፤ ዐይን ይታይ፤ የታይሮይድ ዕጢ ይታይ፤ የልጅነት ካርድ ተፈልጎ ይምጣ። ፈላጊዋ ማን ናት? እሷው።

አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ ተማሪዋን እየጎተተች አመጣች።

"ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ቀልብ የላትም! ስጠራት ዞር አትልም።"

ዶክተሩ ከልጅቷ ኋላ ቆመው፣ "ከረሜላ የሚፈልግ?" ብለው አንሾካሾኩ። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። ሁለቱም ጆሮዎቿ በኩክ ተደፍነው ተገኙ። ታጥቦላት ስትወጣ የመጀመሪያ ቃሏ፣ "ቲቸር፣ ለካ ይህን ያህል ትጮሂያለሽ!" የሚል ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ መሪ ላይ ሐሳቤ እየተበተነ ተቸገርኩ ብሎ ከሚስቱ ጋር መጣ። ዶክተሩ ጥያቄውን ወደ ሚስቱ አዞሩት።

"እንቅልፉ እንዴት ነው?"

"ሲያንኮራፋማ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል! ደግሞ መሀል ላይ ትንፋሹ ቀጥ ሲል፣ አለቀለት ብዬ እነሣለሁ።"

"እኔ አላንኮራፋም!" አለ ሹፌሩ።

"አንተማ ተኝተህ በምን ጆሮህ ትሰማ!"

እሱም ወደ እንቅልፍ ምርመራ ተላከ፤ ካርዱም ወፈረ።

በመጨረሻ ተራው የመዝገብ ያዥዋ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ይህንኑ ሙያ ነው፤ በሃያ ዓመት አንድ ካርድ ጠፍቶባት አያውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባሉት ሰባት ወራት ግን ዘጠኝ ካርዶች ያለቦታቸው ተገኙ። የአንዲት ነፍሰ ጡር ካርድ ከጥርስ ታካሚዎች መሀል ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ፣ "አሥረኛው ከተገኘ ከካርድ ክፍል ወጥተሽ ተራ ቁጥር ታድያለሽ" አላት። እሷም ስልኳ ላይ አንድ የኤዲኤችዲ መጠይቅ አግኝታ ሞላች። ከአሥራ ስምንቱ ምልክቶች አሥራ ስድስቱ አሉባት። እፎይ አለች፤ ለጥፋቷ ስም ተገኘለት።

"ዶክተር፣ እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።"

"እሺ። ሌላስ?"

"ሌላ የለም!"

"በልጅነትሽስ? ይሄ ነገር ከጎለመሱ በኋላ ድንገት አይጀምርም።"

ለመዝገብ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብም። በማግሥቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያሉትን የውጤት ካርዶቿን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከች አለች። አስተማሪዎቿ በየዓመቱ የጻፉት ተመሳሳይ ነው፤ "ትኩረቷ የሚደነቅ። ጓደኞቿን ታርማለች።" በገዛ ማስረጃዋ ተረታች። ደሟም ዕጢዋም ደህና ሆነ።

"እስቲ ያለቦታቸው የተገኙትን ካርዶች አሳዪኝ" አሉ ዶክተሩ።

ዘጠኙን ደረደረችላቸው፤ የት እንደተገኙም ከነቀኑ መዝግባለች። እሳቸው ግን የተገኙበትን ትተው ቁጥራቸውን አነበቡ።

"እነዚህ መግባት የነበረባቸው የት ነው?"

"አርባ አንደኛው መሳቢያ።"

"ዘጠኙም?"

ካርዶቹን ጠርዝ ለጠርዝ ማስተካከል ጀመረች።

"እዚያ መሳቢያ ውስጥ የማን ካርድ አለ?"

"የባለቤቴ። የሞተ ሰው ካርድ ወደ ኋላ መደርደሪያ ይዛወራል፤ ደንቡ ነው። መሳቢያውን ከሳብኩት... ማንሣት ሊኖርብኝ ነው።"

ሰባት ወር ሙሉ አልሳበችውም። ወደዚያ የሚገባ ካርድ ሲመጣ እጇ ቅርብ ያገኘው መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል።

"ይሄ ኤዲኤችዲ አይደለም፣ እህቴ" አሉ። "ሐዘን ነው።"

"ለሐዘን ወረቀት ይጻፋል?"

"ይጻፋል እንጂ።"

ጻፉም። አርባ አንደኛው መሳቢያ ለጊዜው በሌላ ሰው ይያዝ፤ እሷም በየሳምንቱ እየመጣች ታነጋግረኝ፤ ከቦታዋ ግን አትነሣ። ሥራ አስኪያጁ፣ "መሳቢያ የሚይዝ ሰው ከየት ላምጣ?" ሲል ዶክተሩ የምሳ ሰዓታቸውን ሰጡ።

እንደ እሳቸው ያለ መዝገብ ያዥ ዐይኗ አይቶ አያውቅም። ለአንድ ካርድ ሩብ ሰዓት፤ ቁጥሩን ሦስቴ ያጣራሉ፤ አጣርተው አጣርተው ሲያበቁ ገልብጠው ይከቱታል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ወረቀቱ ሲጨማደድ በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። በሦስተኛው ሳምንት አልቻለችም፤ ብድግ አለች።

"ይነሡልኝ፣ ዶክተር!"

"አልጨረስኩም እኮ።"

"አይጨርሱት! ጠርዙን ሁሉ አጥፈውት፣ ግማሹን ዘቅዝቀውት! የእኔ ባል እንዲህ ባለ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም!"

መሳቢያውን እስከ ጫፉ ሳበችው። ከፊት ያሉትን ካርዶች እያወጣች፣ "ይያዙ፤ እንዳያጥፏቸው" አለች። ዶክተሩ ክምሩን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆሙ። የባሏን ካርድ እስክታገኘው ድረስ "ሌላስ?" አላሉም።