ቅድመ ስኳርና የጫልቱ ዝምታ

«ቅድመ» የሚለው ቃል ደህና ነገር ሲያስከትል ያየ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ። ቅድመ ክፍያ ካሏችሁ ኪሳችሁ ሊገቡ ነው። ቅድመ ሁኔታ ካሏችሁ ሊከለክሏችሁ ነው። ቅድመ አያት እንኳ ብትሉ፣ ሞተዋል። እኔ ግን ከዕለታት አንድ ቀን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ካለ ክሊኒክ «ቅድመ ስኳር» ተብዬ ወጣሁና ምን ብሆን ጥሩ ነው? ደስ አለኝ።

አትሳቁ። ወደ በከኒሳ ቀሴ፣ ወደ ሰፈሬ የሚያወጣውን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አስቸግሮኝ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። ስኳር ነው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ቅድመ ስኳር ነው አሉኝ። ቅድመ ማለት በፊት ማለት አይደለም? በፊት ማለትስ ገና አልመጣም ማለት አይደለም? ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ደመናና ዝናብ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እናም ከክሊኒኩ በቀጥታ ሱቅ ገባሁና አንድ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፍቼ ለጤናዬ ጠጣሁ።

የለስላሳ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። ለመምህርነት ወለጋ ተመድቤ ስመጣ እናቴ «ልጄ፣ መጠጥ እንዳትለምድ አደራህን» ብላ ነበር የሸኘችኝ። አደራዋ ሰመረ። ከነቀምቴ ልጅ፣ ከጫልቱ ጋር ተጋባን፤ የጫልቱ ቤተሰቦች ፕሮቴስታንት ናቸው፤ አረቄ በደጃቸው አያልፍም። በአረቄው ፈንታ ለስላሳ አለ። ሠርግ ሄድክ፣ ለስላሳ። ሰው ልትጠይቅ ሄድክ፣ ገና ሳትቀመጥ ለስላሳ ይከፈትልሃል፤ የተከፈተ ለስላሳ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። በዚያ ላይ የአማቴ ጩምቦ አለ። ለማታውቁት፣ ጩምቦ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው፤ ቅቤና እርጎ ተደርጎበት ይቀርባል፤ ቂጣው የሚታየው ቅቤው ሲያልቅ ነው። እናቴ ስለዚህኛው አደራ ማለት ረስታለች።

ጫልቱ ደስታዬን አልወደደችውም። «አባ ሌንሳ» አለችኝ፤ በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ፤ «ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥርህ ለስላሳ አምሮህ ነው?» አለችና በማግስቱ በእግር ከፊት ከፊቷ እየነዳች ክሊኒኩ መለሰችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። ልቤን አዳመጠች፣ ግፊቴን ለካች። ከዚያ «መምህር፣ እውነት ነው፣ ስኳሩ ገና ነው። ልብዎ ግን ስኳሩ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም» አለችኝ። ስኳር ከልኩ ትንሽ ከፍ ማለት ሲጀምር የደም ሥርን መጉዳት ይጀምራል፣ ከግፊትና ከቦርጭ ጋር ከተባበረ ደግሞ ለልብ ሕመም ያጋልጣል አለች። ደግነቱ ይሄኛው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይራመዱ፣ ለስላሳ ይተዉ፣ ቅቤውን ይቀንሱ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ስኳርዎንም ልብዎንም በደንብ እናያለን፣ ለጊዜው ክፉ ነገር አልሰማሁም አለችኝ። ለጊዜው! ለጊዜው ማለት ምን ማለት ነው?

እሱን ሳልጠይቅ ወንበሯን ወደ ጫልቱ አዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ ቀጠለች።

እዚህ ላይ ነው የጠረጠርኩት። በአገራችን ለበሽተኛው «ደህና ነህ» ይባላል፤ እውነቱ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው። ይሄን የማያውቅ ማን አለ? ጆሮዬን አቆምኩ። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነው። ሰላምታ እችላለሁ። «ሜቃ?» ብዬ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ ሽንኩርቱን ቁሉቢ፣ ቅቤውን ዳዳ ብዬ እገዛለሁ። ከዚያ ካለፈ ሌንሳ ትተረጉምልኛለች። ሌንሳ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሄዳለች። ከሐኪሟ ወሬ ውስጥ ጆሮዬ የገባው «ኦና ኢሳ፣ ኦና ኢሳ» የሚል ብቻ ነበር። ኢሳ «የእሱ» ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ኦናን ማን ያጣዋል? በእኛ አገር ኦና ማለት ባለቤቱ ሞቶ ሰው የጠፋበት ቤት ነው። ተረጎምኩት። የእሱ ቤት ኦና ሊሆን ነው።

ጫልቱ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ስንወጣ ዝም። ዳገቱን ስንወጣ ዝም። እናንተ ጫልቱን አታውቋትም። ጫልቱ ጨው ስታቀብል እንኳ አስተያየት የምትጨምር ሴት ናት። ካልሲዬን ሶፋ ላይ ጣልኩ፤ ዝም ብላ አነሳች። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ፤ «ይመችህ» አለች። የአጎቴ ልጅ ከጊዳ አያና ከነልጆቹ ሳያሳውቅ ደረሰና ሰነበተ፤ «ቤታችሁ ነው» ብላ አልጋውን ለቀቀችላቸው። የበዓል በሬም ሊታረድ ሲል እንዲህ ነው የሚያዘው። «ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰውዬ ሚስቱ ዝም ብላው አታውቅም።

ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ሞት ፈራሁ። ልጄን ሳላስመርቅ ነው እንዴ የምሄደው እያልኩ አንድ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ጠዋት ጠዋት መራመድ ጀመርኩ። ለስላሳ ሊከፈትልኝ ሲል ነውሩን ችዬ ውሃ ጠየቅሁ። አማቴ ጩምቦ ስታቀርብልኝ በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ ተውኩት፤ ምስኪን፣ ልጇን ልፈታ ያሰብኩ መስሏት ጫልቱን ጓዳ ጠርታ ጠየቀቻት።

አላስችል ሲለኝ ትምህርት ቤት ኦሮምኛ የሚያስተምረውን ገመቹን ለብቻው ያዝኩት። «ኦና ኢሳ ምን ማለት ነው?» አልኩት። ገመቹ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ሳቁን ለቀቀው። «ኦኔ ነው እኮ! ልብ ማለት ነው፣ ኦቦሌሳ ኮ!» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖረህ ልብን አታውቅም? ብሎ አፈረብኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ ልብ ገበያ ላይ አይሸጥ! «ኦኔ ቀባዱ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ልብ ይኑርህ፣ አይዞህ እንደማለት ነው።

ደስታዬ የዘለቀው እስከ መምህራን ክፍሉ በር ነው። በሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ታዲያ ስለ ልቤ ያን ያህል የተደጋገመው ምን ሆኖ ነው? ከድጡ ወደ ማጡ። ጫልቱን እንዳልጠይቃት እውነቱን ብትነግረኝስ?

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ደም ሰጠሁ። አስተኝተው ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጠፉና ልቤን አዩ። ሐኪሟ ወረቀቶቹን አገላብጣ ፈገግ አለች። «መምህር፣ ስኳርዎ ወደ ልኩ ተመልሷል። ልብዎ ደህና ነው። እንዲህ ከቀጠሉ አደጋውም ይቀንሳል። ከተዉት ግን ተመልሶ ይመጣል።»

ምን ልበላችሁ። ተመስገን! ጫልቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ «ገለቶሚ ያ ጎፍታ» እያለች ጌታዋን አመሰገነች። እኔም ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ፣ ጉንፋን ነው።

ያኔ ነው ልብ አግኝቼ የጠየቅሁት። «ዶክተር፣ የዚያን ዕለት ለሚስቴ በኦሮምኛ ስለ ልቤ ምን ነበር የነገርሻት?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ንዴት ለልቡ ጥሩ አይደለም፣ በደንብ እስክናየው ድረስ ቢያጠፋም እለፊው፣ አትቆጪው ነው ያልኳት።»

በቃ? በቃ። ይሄ ሁሉ የሞት ድግስ ለዚህ ኖሯል! እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ እየሳቅሁ ወጣሁ። ጫልቱ አልሳቀችም። ሻርፗን አጥብቃ አሰረች።

«አባ ሌንሳ፣ ልብህ ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው!» አልኩ፣ ደረቴን በጡጫ መታ አድርጌ።

«ዶክተሯ ስትናገር በጆሮህ ሰምተሃል?»

«በደንብ!»

«ጥሩ» አለች። «እንግዲያው የዚያ የአጎትህ ልጅ ነገር…»

ከአጎቴ ልጅ ወደ ካልሲው፣ ከካልሲው ወደ ሬዲዮኑ፣ ከሬዲዮኑ ወደ እናቷ ጩምቦ ተሻገረች። ለካ አንዱንም አልረሳችም፤ አስቀምጣው ኖሯል። ዳገቱን ጀመርን፤ ዳገቱ አለቀ፤ እሷ ገና ግማሹ ላይ ናት። ትንፋሼ አልተቆራረጠም፤ የተቆራረጠው መልሴ ነው። ስለ ጤንነቴ የነበረችኝ ቅንጣት ጥርጣሬ እዚያው ላይ ለቀቀችኝ። ያን ሁሉ ሰምቶ ያልቆመ ልብ ከእንግዲህ በምን ይቆማል?