ቤቴ ጎርጎራ ሄዶ ነበር

አማርኛችን ቤት ለሌለው ሰው ደንታ የለውም። ማታ «ገባህ?» ብለው ሲጠይቁህ የት እንደሆነ አይነግሩህም፤ አንተም አትጠይቅም። «ባሏ ገና አልገባም»፣ «ልጁ አምሽቶ ገባ»፣ «በሉ እንግባ፣ መሸ» ሲባል ቤት የሚለው ቃል የትም የለም፤ ሁሉም ሰው ቤት እንዳለው ታስቦ ታልፏል። እስቲ ጀልባ ላይ ኑርና ቃሉን ሞክረው። ጀልባ አይገቡትም፤ ይሳፈሩበታል እንጂ። የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ማታ ማታ ሲገባ፣ እኔ እሳፈር ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ከናዝሬት ተዛውሬ መጣሁና ጣና ላይ በምትመላለስ አንዲት የብረት ጀልባ በመካኒክነት ተመደብሁ። እህልና ሰው ጭና ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ጎርጎራ የምትሄድ፣ ሞተሯ የሚያስል አሮጊት ናት። የቀበሌ ቤት በወረፋ ነው ተባለ። አለቃዬም «እስከዚያ እዚያው እደር፤ ጥበቃም ይቀርልናል» አለኝ። ከሞተሩ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ እግሬን ከዘረጋሁ በሩ አይዘጋም፣ በሩን ከዘጋሁ እግሬ ይታጠፋል። እንግዲህ ኖርሁባት።

ቀኑስ ደህና ነው፤ ክፉው ምሽቱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ካፒቴኑ አቶ ተገኘ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉና «በል ልግባ» ይላሉ። ተሸካሚዎቹ ይገባሉ፣ ሻይ የምትሸጠው ሴት ትገባለች፣ ወፎቹ ሳይቀሩ ወደ ዛፎቻቸው ይገባሉ። አንድ ቀን ቅናት ቢይዘኝ እኔም «በሉ ልግባ» አልሁ። አቶ ተገኘ ዞር ብለው አዩኝ። «አንተ ደግሞ መቼ ወጣህና?» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁሉም ሄዱ። በዚያ ዘመን ከመሸ በኋላ ሰው ሰው ቤት መሄድ ስለፈራ ብቅ የሚልልኝ አልነበረም። ማዕበሉ የጀልባዋን ጎን ሲመታ በር የተንኳኳ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ብድግ ብያለሁ።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ «የቤት ቁጥር?» አለኝ። ጀልባ ላይ እንደምኖር ነገርሁት። «እሱስ ቁጥር የለውም?» ቁጥርማ ነበራት፤ አፍንጫዋ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ያንኑ ጻፈልኝና ባለ ቤት ሆኜ ወጣሁ። ታዲያ አንድ እሑድ ከስብሰባ ብቀር አስጠራኝ።

«የት ነበርህ?»

«ቤቴ።»

«አብዮት ጠባቂ ልከን አጣንህ እኮ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔስ ቤቴ ነበርሁ። ቤቴ ነው ያልነበረው። ጎርጎራ ሄዶ ነበር።»

ጊዜው ለቀልድ የሚመች አልነበረም። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ዘጋና፣ «ሁለተኛ ስብሰባ ባለ ቀን ቤትህ ከከተማ እንዳይወጣ» አለኝ። ይቀልድ ይቆጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ይህን ወሬ እማማ ዘሃራም ሰምተው ኖሯል። እማማ ዘሃራ በየገበያው ቀን ዘጌ ጨርቅና ጨው የሚወስዱ ነጋዴ ናቸው። አንድ ጠዋት መሳፈሪያው ሳንቃ ጫፍ ላይ ቆሙና «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ። ብዙ እንደሆንን አድርገው። እጄ በግራሶ እንደተለወሰ ብቅ አልሁ።

«ምነው እማማ፣ ይሳፈሩ እንጂ።»

«ሰው የሚያድርበት ነው እያሉኝ፣ ግቢ ሳልባል ዘው ልበል ልጄ?»

«ይግቡ» አልሁ። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ገቡ። ከኋላቸው የነበረው ገበያተኛም አዲስ መመሪያ የወጣ መስሎት ጫማውን አወለቀ፤ አቶ ተገኘ ጉድ አሉ። ከዚያ ወዲህ እማማ በመጡ ቁጥር ቤቶች ይላሉ፣ እኔም ወለሉን አጥቤ እጠብቃቸዋለሁ። የሳምንቱ ሌሎች ቀናት ለምን እንደተፈጠሩ አይገባኝም ነበር።

ሲቆይ ሲቆይ ወረፋዬ ደረሰ። ፋሲሎ ሰፈር፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት፣ በሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ። ያን ማታ ለካፒቴኑም፣ ለሻይ ሻጯም፣ ለማላውቀው መንገደኛም «በሉ ልግባ» ብዬ ገባሁ። እግሬን ዘረጋሁ፤ በሩም ተዘጋ። ወለሉ አይነቃነቅም፣ ግድግዳውን የሚመታ ውኃ የለም። የሚያንኳኳም የለም።

በገበያው ቀን እንደ ልማዴ የጀልባዋን ወለል አጥቤ ጠበቅሁ። እማማ ዘሃራ ሳንቃው ጫፍ ላይ አልቆሙም። ከነጫማቸው ተሳፈሩ።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ፤ ቤት ገባ ብለው ነገሩኝ» አሉና ጭነታቸው ላይ ተቀመጡ።

«መጥተው ይዩልኛ፣ እማማ።»

«ኢንሻአላህ።»

እርጥቡ ወለል ላይ የጫማቸው ዱካ ቀረ። እሳቸው ምን አጠፉ? ማንም በማያድርበት ጀልባ ላይ ማን ጫማ ያወልቃል?

አመሻሽ ላይ ፋሲሎ ደርሼ ቁልፌን ከማውጣቴ በፊት በሬ ላይ ቀጥ አልሁ። ግራ ቀኝ አየሁና «ቤቶች!» አልሁ። ገና ያልተዋወቅኋት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ሰውየውን ፈልገህ ነው ወንድሜ? እዚህስ አታገኘውም። ጀልባ ላይ ነው አሉ የሚኖረው።»

አመሰገንኋት። እሷ እስክትገባ ጠበቅሁና፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።