ኮምፍሬን የማጥፋት ዘላቂ ኮሚቴ

ሰው ዕድሜውን ሙሉ መምሪያ ሲመራ ኖሮ ጡረታ በወጣ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚያጣ በሰፊው ይነገራል። ባለታሪካችን በተሸኙበት አዳራሽም እንዲሁ ተነግሯል፤ ተናጋሪዎቹ ሲፈራረቁ ቀዝቃዛው ለስላሳ ሁሉ ሞቆ ነበር። መኖሪያ ቤቱ ምን እንደሚያገኝ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሰፈሩም ቤተሰቡም እስከ ዛሬ «ኃላፊው» የሚላቸው እኒህ ሰው በማግስቱ ጠዋት ከረባታቸውን አስረው ወደ ማድ ቤት ዘለቁ። ሚስታቸው ሽንኩርት ስትከትፍ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተመለከቱ፤ ከዚያም የተጀመረው ሥራ የሚያበረታታ ቢሆንም ገና ብዙ እንደሚቀረው አሳሰቡ።

ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ድስት ጥዳ ትሰፋለች፤ ሰፍታ ድስት ታማስላለች። በእነዚህ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ምን እንደምትሠራ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሷም ከኑሮዋ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ይህንኑ ነበር። አሁን ግን ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ስለ አገልግሎት አሰጣጡ አስተያየት ትጠየቃለች። የጨው ዕቃው ለተጠቃሚው ቅርብ እንዲሆን ተብሎ ቦታው ተለውጧል፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘው ተጠቃሚ የለም።

«አባትሽን እወደዋለሁ» አለቻት ለልጇ። «ግን የምወደው ከሥራ ሲመለስ ነበር። አሁን ከየት ይመለስ?»

ሴትየዋ ሞኝ አልነበረችም። አንድ ቀን ድስቷን እያማሰለች፣ እንደ ዋዛ፣ ጓሮው እስካሁን ኃላፊ እንደሌለው ጣል አደረገች። ሰውየው ወጡን ሊቀምሱ ያነሡትን ማንኪያ አስቀመጡ። ከቲማቲሟ መደብ ባሻገር፣ ግንቡ ጥግ ያለችውን ቁራሽ መሬት በዚያው ዕለት ተረከቡ።

የሚተከለው ነገር የመጣው ከቀድሞው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ኃላፊው በሥልጣን ዘመናቸው ይህን ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ሲያዛውሩት ኖረዋል። በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለች፣ ጣት የምታህል ጥቁር ሥር ሰጣቸውና ኮምፍሬ እንደምትባል፣ ለጓሮ ያላት ጥቅም ተነግሮ እንደማያልቅ አስረዳቸው። ብትደርቅብኝስ ብለው ሲጠይቁት፣ አይዞዎት፣ አትደርቅም አላቸው። እየሳቀ ነበር።

ኃላፊው ሥሯን ገልብጠው ተከሉ፤ ውኃ አብዝተው አጠጡ፤ የአፈጻጸም ግምገማ ለማካሄድ በየጊዜው እየነቀሉ አዩ። ኮምፍሬ ግን አደገች። በእሳቸው አመራር ሥር ሆኖ ያደገ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ቅጠሏ ሰፋ፣ ሻከረ፣ ጥግዋን ሞላ፤ ሐምራዊ አበባ አውጥታ የሰፈሩን ንብ ሁሉ ጠራች። የሚታዘዝላቸው ያጡት ሰው ደረታቸው ተነፋ።

ጥቅሟም እንደተባለው ነበር። ቅጠሉን አጭደው ከጥራጊ ጋር ሲከምሩት ጥራጊው ቶሎ በሰበሰ። ቲማቲሙ ሥር ሲነሰንሱት አፈሩን ከፀሐይ ጋረደ። ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ባለ ጊዜ ወቅጠው አሰሩበትና እብጠቱ ቀለል አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰላም ብሎ ያለፈ ሁሉ ወለምታ እንዳለበት ይጠየቅ ጀመር። የቅጠሉን ሻይም ለቤተሰቡ ሊያፈሉ ተነሥተው ነበር፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ግን ጉበት እንደሚጎዳ ነግራ ከለከለች። ጉዳዩ ለጊዜው እንዲዘገይ ወሰኑ።

ዋናው ሥራ የፈሳሽ ማዳበሪያው በርሜል ነበር። ቅጠል ሞልተው፣ ውኃ ጨምረው፣ ከድነው ተዉት። ሲከፈት የወጣውን ሽታ ለመግለጽ ብዕራችን አቅም የለውም። ጎረቤታቸው መምህርት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ አጥር ላይ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ የሞተ ነገር አለ እንዴ?»

«የሞተ ሳይሆን በሂደት ላይ ያለ ነው» አሏት።

በውኃ እያቀጠኑ ሲያጠጡት ቲማቲሙ ጉድ በሚያሰኝ ሁኔታ አፈራ። ሚስታቸው ሽታውን ቻለችው። ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ ውጭ ነበሩ፤ ማድ ቤቷ የእሷ ሆነ፣ የጨው ዕቃውም ተገኘ። ለዚህ ሲባል ከዚያ የባሰ ሽታም ትችል ነበር።

ግን ኮምፍሬ በተሰጣት ወሰን የምትረጋ አልሆነችም። ግንዷ ወፈረ፣ ቅጠሏ ቲማቲሙ ላይ ተንጋለለና ፀሐይ ነሣው። ሚስታቸው መደቧ ከመጥፋቱ በፊት ይነቀልልኝ አለች። ኃላፊው በቢሯቸው የታወቁበት አንድ ዘዴ ነበራቸው። የሥራ ክፍል ሲያስቸግራቸው ለሦስት ይከፍሉታል፤ ሦስት አስቸጋሪ ክፍሎች ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ሹም ይሾማል፤ ኃላፊው ስለ መዋቅር ማሻሻያ ንግግር ያደርጋሉ። ዶማቸውን ይዘው ወጡና የኮምፍሬን ሥር ድቅቅ አድርገው ከታተፉት። እኩሌታውን ከጓሮው አፈር ጋር ደባለቁ፤ የቀረውን መንደሩ ለአበባው አፈር ከሚዝቅበት፣ ከመንገዱ ጫፍ ካለው ክምር ላይ ደፉ።

«ከነሥሩ ካልወጣ አይሆንም እኮ» አለቻቸው።

«የምን ሥር? ሥሩ ተከፋፍሏል» አሏት፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ዝናብ ጣለ። ከእያንዳንዷ ቁራጭ አንዳንድ ኮምፍሬ ወጣ። የቲማቲሙ መደብ ጠፋ። በመምህርቷ አበባ መካከል በቀለ፤ ከዳቦ ጋጋሪው ደጅ፣ ከጫማ ሰፊው ግድግዳ ሥር፣ በረንዳ ላይ ከተደረደሩ ጣሳዎች ሁሉ ሻካራ ቅጠል ብቅ አለ። መንደሩ ኃላፊውን ሰላምታ ነሣቸው። ሰውየው አፈሩና ከጓሮ ቀሩ።

የት ይሂዱ? ቤት ገቡ። ስፌት መኪናው አጠገብ ወንበር ስበው ይውሉ ጀመር፤ ሲተክዙ ከርመውም አንድ ቀን፣ እግረ መንገዳቸውን፣ በቀለም የተደረደሩትን ክሮቿን በውፍረት ደረደሩላት። ያን ቀን አለቀሰች። ስለ ቲማቲሙ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ መንደሩ በመምህርቷ ግቢ ተሰበሰበ። የላስቲክ ወንበሮቹ ገና ሳይሞሉ ነገሩ ተጋጋለ፤ ይህን መዓት ያመጣው ሰው ይታወቃል፣ ሁሉንም ጓሮ ራሱ ያጽዳ ተባለ። ኃላፊው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ወሳኙ ጥያቄ ችግሩ ከየት መጣ ሳይሆን ወዴት እየሄደ ነው የሚለው መሆኑን አብራሩ። ጫማ ሰፊው ወደ እኔ ቤት ነው የሚሄደው አለ። ጫጫታው ሲበረታ ሚስታቸው እጇን አወጣች።

«እዚህ ካለነው ውስጥ ይሄን ተክል ከኃላፊው የበለጠ የሚያውቅ አለ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኃላፊው ሲዞር ቀጠለች።

«እንግዲያው ማጥፊያ ኮሚቴ ይቋቋምና እሱ ይምራው።»

«ያመጣው ሰው?» አለች መምህርቷ።

«ያላመጣው ሰውማ ከየት ያውቀዋል?»

መንደሩ አሰበበት። ነገሩ ከዚህ በፊት በብዙ ቦታ የተሠራበት ስለሆነ እንግዳ አልሆነበትም። በጭብጨባ አጸደቀው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያኮራል። ዳቦ ጋጋሪው የማይጠቀምበት ጋራዥ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ከረባቱ ከሣጥን ወጣ። የሥር ንዑስ ኮሚቴ፣ የቅጠል ንዑስ ኮሚቴ፣ ሁለቱን የሚያስተባብር ሌላ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ ዶማ ይዘው በየጓሮው እየዞሩ ሥር ከታተፉ፤ ኮምፍሬም ለኮሚቴው ያላትን ድጋፍ በተግባር ገለጸች። ሰብሳቢው ማለዳ ወጥተው ሲመሽ ይመለሱ ነበር። ሚስታቸው ድስቷን ጥዳ፣ ክሮቿን በየቀለማቸው መልሳ፣ መኪናዋን እየረገጠች ታንጎራጉራለች። ማታ በሩን ስትከፍትላቸው ደስ ይላታል፤ እንደ ድሮው ከሥራ ተመልሰው ነው።

ግን በጎ ነገር ጠላት አያጣም። መምህርቷ ኮሚቴውን ሳታማክር ኮምፍሬዋን ሙልጭ አድርጋ አጨደች፤ ላዩ ላይ ያረጀ ወፍራም ምንጣፍ ዘረጋች፤ ድንጋይ ጫነችበትና ተወችው። ብርሃን ያጣው ሥር ከረመና በሰበሰ። ይህን ያየ ሁሉ ምንጣፉን ያወጣ ጀመር። መንደሩ እየጸዳ ሄደ።

ሰብሳቢው አንድ ማታ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

«ኮሚቴው መበተኑ ነው መሰለኝ» አሉ። «ግድ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ካንቺ ጋር እውላለሁ። ይሄ የስፌት ክፍል እኮ ገና መዋቅር የለውም።»

እራቱን አቀረበችላቸው። ምን እንዳሰበች ሆድ ይፍጀው።

በማግስቱ ሰውየው እንደወጡ ግንቡ ጥግ ሄዳ፣ ከመጀመሪያዋ ኮምፍሬ ከዶማው ተርፎ የቀረውን ጉቶ ቆፍራ አወጣች። አጥባ በመቀስ ከታተፈችውና የሽርጧን ኪስ ሞላች። ከዚያ ስትጠፋባቸው ለከረሙት ጎረቤቶቿ ሁሉ ሰላምታ ለማድረስ በየቤቱ ዞረች። የልጆቹን ደኅንነት እየጠየቀች፣ የእያንዳንዱን ግቢ ውበት እያደነቀች፣ በአጥሩ ጥግ አንዳንድ ቁራጭ ጣል አድርጋ በጫማዋ አፈር አለበሰችው። መምህርቷ ቤት ሁለት ጣለች።

ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ኃላፊው አንድ ማታ ዓይናቸው እያበራ፣ እየተጣደፉ ገቡ። ሁኔታው ከተጠበቀው በላይ አሳሳቢ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜና እሑድም እንደሚሰበሰቡ ገለጹላት።

«በርታ» አለቻቸው፣ ከረባታቸውን እያስተካከለች።