ማውስ የማይነካው ኤልናታን

ሰርቨር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ማውስ የሚጠየፍ አንድ ሰው አለ። አልገጠመኝም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ መሥሪያ ቤታችሁ ገና በወረቀት ነው የሚሠራው፣ ወይ ሰውየው ከስክሪኑ ጀርባ ተቀብሮ አላያችሁትም። የእኛው ኤልናታን ይባላል። ታቦር ክፍለ ከተማ ባለው መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅታችን እኔ ስቶሩን እይዛለሁ። እሱ ሰርቨሮቹን፣ ፍሪጆቹንና ጄኔሬተሩን ይከታተላል፤ ቢፈቀድለት እኛንም ይከታተል ነበር።

ክቡርነታቸው ሥራቸውን የሚሠሩት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል እየደረደሩ ነው። ሥዕል የለ፣ የሚጫኑት ነገር የለ። ሰርቨሩ እንዴት አደረ ስትሏቸው አንድ መስመር ይጽፋሉ፤ ስክሪኑ አንድ ገጽ ሙሉ ይመልስላቸዋል፤ እሳቸው ፈገግ ይላሉ። ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ "ደህና ነኝ አለ" ነው።

አንድ ቀን ኮምፒውተሬ ቆሞብኝ ጠራሁት። መጣና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ ማውሴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እንደ ሞተ ነገር የጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረው። "በእጅ አይሠራም፣ ሰሚራ" አለኝ። እየጻፈ ያለው በእጁ መሆኑን ብነግረው አልሰማኝም። በእጅ አይሠራም ማለት በእሱ ቋንቋ፣ ደጋግሞ የሚሠራ ነገር ሁሉ ስክሪፕት ይጻፍለት ማለት ነው፤ ትእዛዙን አንዴ ጽፎ ማሽኑ ራሱ እንዲፈጽመው መተው። ፍሪጅ ሲሞቅ ወይም ሰርቨር ሲጨናነቅ በየስልካችን መልእክት የሚልከው ስክሪፕቱ ነው። ቋንቋው ግን የኤልናታን ነው፦ "ፍሪጅ አንድ ሞቋል። ሰው ይንቀሳቀስ።" በእህቴ ኒካህ ላይ ይቺው መልእክት ደርሳኝ፣ ሙሽሮቹን ትቼ ተንቀሳቅሻለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ጋሼ ገብረጻድቅ ደግሞ ማየት የሚወዱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አሰቀሉ። እያንዳንዱ ማሽን እዚያ ላይ አንድ ክብ አለው፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ከታመመ ቀይ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ፊት ያቆሙታል። ያገናኘው ራሱ ኤልናታን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በሥሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። "እሱ ለእንግዳ ነው" ይላል።

የአገሬው ዘመን መለወጫ በሆነው በፍቼ ሰሞን አንድ ያረጀ ሰርቨር ሊነቀል ሆነ። ሲነቀል የሁላችንንም ስልክ እንዳያስጮህ፣ ኤልናታን የዚያን ማሽን ማስጠንቀቂያ ዝም የሚያሰኝ ስክሪፕት ጽፎ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ከተማው በሙሉ የበዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ ነበር። እኔም ከጎረቤቶቼ ጋር ወጣሁ። ኤልናታን ከአጎቶቹ መሃል ቆሞ ሲያጨበጭብ አገኘሁትና "አይዴ ጫምባላላ" ብለን እንኳን አደረሰን ተባባልን። ስልኬ የጠራው ያኔ ነው። ጋሼ ገብረጻድቅ ናቸው፤ ሐይቅ ዳር ሆቴል ያረፈ እንግዳቸውን ቢሮ ሊያሳዩት ይዘውት ገብተዋል።

"ሰሚራ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ቀይ አለ። በበዓል እንዲህ ያደርገዋል እንዴ?"

"የቱ ነው ጋሼ?"

"ፍሪጅ ሁለት ይላል።"

ፍሪጅ ሁለት የኢንሱሊን ፍሪጅ ነው። በየፋርማሲው የሚጠብቁት የስኳር ሕመምተኞች ፊት ታየኝ። ለኤልናታን ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ተመለከተ።

"ምንም አልመጣልኝም። ካልመጣ ሰላም ነው።"

"ቀይ ነው እያሉኝ ነው።"

"ቴሌቪዥኑ ተሳስቶ ይሆናል።"

"ኤልናታን፣" አልኩት ባጃጅ አስቁሜ፣ "ግባ።"

ስንደርስ የመብራቱ ብሬከር ወርዷል፣ ፍሪጁ ጸጥ ብሏል። ኢንሱሊኑን በእጃችን፣ አዎ በእጃችን፣ ተሸክመን ወደ ሌላው ፍሪጅ አዛወርነው። ሙቀት መለኪያውን አየሁት። ከተፈቀደው ወሰን ለማለፍ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ግን አላለፈም። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ኤልናታን ወደ ጥቁሩ ስክሪን ሄዶ የትናንት ትእዛዙን ማንበብ ጀመረ። አንዲት መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን አኖረባት። ጋሼ ከነእንግዳቸው ከጀርባው ቆመዋል።

"ምንድን ነው? ኔትወርክ ነው?" አሉት። "ወይስ ማሽኑ አርጅቶ ነው?"

እስቲ አስቡት። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ያችን መስመር ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው የለም። ጋሼ ደግሞ ማምለጫውን ራሳቸው እያቀበሉት ነው፣ ያውም አማርጠው። እኔ ብሆን ኔትወርክን እመርጥ ነበር፤ ኔትወርክ ነው ሲባል ተጠራጥሮ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

"ኔትወርክ አይደለም ጋሼ" አለ ኤልናታን። "እኔ ነኝ። የአንዱን ማሽን ስም መጻፍ ሲገባኝ ኮከብ ጻፍኩ።"

"የምን ኮከብ?"

"የኮከብ ምልክት እዚህ ላይ ሁሉም ማለት ነው። ፍሪጁንም ሰርቨሩንም፣ ሁሉንም ስልካችን ላይ ዝም አሰኘኋቸው። ቴሌቪዥኑ ባይኖር መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነበር።"

ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ጋሼ እንግዳቸውን ይዘው ወጡ።

በሳምንቱ ቢሯቸው ጠሩኝ። የማሽኖቹን ቁጥጥር ከረባት አስረው በማውስ ለሚሠሩ የሌላ ድርጅት ባለሙያዎች ሊሰጡት አስበዋል። "መድኃኒቱ ቢበላሽ ተጠያቂዋ አንቺ ነበርሽ" አሉኝ። "ምን ትያለሽ?"

"ጋሼ፣ ባለከረባቶቹ ያችን ኮከብ ቢጽፏት ኖሮ ይነግሩን ነበር?"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ስለ ባለከረባቶቹ ከዚያ በኋላ ሲያነሱ አልሰማሁም።

ኤልናታን ነገሩን ከማን እንደሰማ አላውቅም፤ ምስጋና ግን አይችልበትም። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ከአሁን በኋላ ማስጠንቀቂያ የምዘጋበትን ትእዛዝ ከማስኬዴ በፊት አንቺ እዪልኝ" አለኝ።

"እኔ ምን ይገባኛልና ነው?"

"አይግባሽ። ኮከብ ካየሽ ብቻ ጠይቂኝ።"

ይኸው አሁን ወንበሬን ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ነጭ ፊደል ኮከብ እፈልጋለሁ። እስካሁን አንድም አላገኘሁም፤ ግን ቶሎ አልነሳም።